በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ቀላል የገጠር የእግር ጉዞ ለማድረግ

ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል በጎድጓዳ ቦታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በመሆኑም ገጠሩን በእግሩ ሊያይ የሚነሳ ሰው ገና ከሰፈሩ ሳይርቅ ወይ ዳገት ይጀምረዋል ወይ ቁልቁለት ይቀበለዋል። ከሁለቱ ሰውን የሚያዘናጋው ቁልቁለቱ ነው። ዳገት ድካሙን ከመነሻው ስለሚያሳይ አቅም የሌለው ሰው በጊዜ ይመለሳል፤ ቁልቁለት ግን በማለዳው ቅዝቃዜ፣ ጉልበት ባልተነካበት ሰዓት ሳያስታውቅ ያወርድና ፀሐይ በበረታችበት፣ ውሃውም ባለቀበት ሰዓት የወረዱትን ሁሉ መልሶ ያስወጣል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ቀላል የእግር ጉዞ የምለው መመለሻው ቀላል የሆነውን ነው፤ ከዚህ በታች የምሰጠውም ምክር አብዛኛው ከዚሁ የሚነሳ ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ ከደረሰው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእህቴን ልጅ ይዤ በጦሳ በኩል ከተራራው ወዲያ ወዳለው ወደ ገራዶ ወረድኩ። አወራረዱ እየተጫወትን፣ ልጁም ከፊቴ እየሮጠ ስለነበር ምንም አልከበደንም። በዚያው መንገድ ስንመለስ ግን የመጨረሻውን ዳገት እጁን እየጎተትኩ አወጣሁት፤ ከተማ የገባነውም መብራት ከበራ በኋላ ነው። እናቱ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀን ያየሁት ፊቷ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ ቀን ወዲህ በምን እንደምመለስ ሳላውቅ ከቤት ወጥቼ አላውቅም።

ጊዜን አስቀድሞ መተመን

ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው የስሌት ደንብ እስከ ዛሬ በብዙ አገር ያገለግላል። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ይያዝና፣ ለየ600 ሜትሩ ሽቅብ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመርበታል። ይህ ለእኛ አካባቢ የተሠራ እስኪመስል ድረስ ይስማማል፤ ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት ከ600 ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ለምሳሌ 6 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 300 ሜትር ሽቅብ ያለው መንገድ በዚህ ደንብ አንድ ሰዓት ከ42 ደቂቃ ይወስዳል። ደንቡ ግን ጠንካራና ልማድ ላለው ሰው የወጣ ነው። ልጆች፣ ሽማግሌዎች ወይም ከቢሮ ወንበር ያልተነሱ ጓደኞች አብረው ካሉ በዚያ ላይ ግማሹን መጨመር ይገባል፤ ያ የአንድ ሰዓት ከ42 ደቂቃ መንገድ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል ማለት ነው።

ከቆላ ለመጣ እንግዳ ሌላም ነገር ይታሰብለት። በደሴ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ለቦታው አዲስ የሆነ ሰው ዳገት ላይ ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የመጀመሪያው ቀን የዕረፍት፣ ሁለተኛው የሜዳ፣ ሦስተኛው የዳገት ቢሆን ይመረጣል። ዳገት ሲወጡ ትክክለኛው ፍጥነት ሳያቋርጡ ማውራት የሚያስችለው ነው፤ ወሬው ከተቆራረጠ እርምጃው ፈጥኗል።

ወቅትና ሰዓት

በዚህ አካባቢ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው። የበልጉ በአብዛኛው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይጥላል፤ የክረምቱ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ እስከ መስከረም ይቆያል። ለእግር ጉዞ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለውን ጊዜ የሚያህል የለም፤ አደይ አበባው በየድንበሩ ፈንድቶ፣ ገብሱ እየነጣ፣ ሰማዩ ጠርቶ ከሩቅ ያሉት ተራሮች ሁሉ ይታያሉ። ታኅሣሥና ጥርም ደረቅ ስለሆኑ ጥሩ ናቸው፤ ሆኖም በከፍታው ላይ ሌሊቱን ውርጭ ስለሚጥል በማለዳ የሚወጣ ሰው ጓንትና ኮፍያ አይጥላ።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ረጅም ጉዞ አለማሰብ ይሻላል። ምክንያቱ ዝናቡ ብቻ አይደለም። ዋልካ መሬት ውሃ ሲጠጣ ከጫማ ጋር እየተጣበቀ እግርን ያከብዳል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ከዚህም በላይ ደሴና አካባቢዋ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ፣ መሬት ተሰንጥቆ በሰመጠበት ቦታ የሚገኙ በመሆናቸው፣ ውሃ የጠገበ ዳገት መንሸራተት የተለመደ አደጋ ነው። በክረምት ተቆርጦ በተሠራ የመንገድ ግድግዳ ሥር ማረፍ፣ አዲስ ስንጥቅ በሚታይበት ዳገት ላይ መሄድ፣ የሞላ ወንዝ መሻገር ፈጽሞ አይገባም። ወንዙ ከሞላ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው፤ በድንገት የሞላ ትንሽ ወንዝ ዝናቡ ካባራ በኋላ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይጎድላል።

ከቤት ለመውጣት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ አንድ ሰዓት ያለው ጊዜ መልካም ነው። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ወይም ጥቂት አለፍ ብሎ ስለምትጠልቅና ከጠለቀችም በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ስለሚይዝ፣ ቢዘገይ እስከ 10 ሰዓት ተኩል መኪና ወዳለበት መንገድ መድረስ ያስፈልጋል። ጅቡ ሲመሽ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ በምሽት መኪናም ይጠፋል።

ጫማ፣ ዱላና ስንቅ

ጫማ አዲስ መሆን የለበትም። ሶሉ ያላለቀ፣ እግር የለመደው ሸራ ወይም ቆዳ ጫማ ይበቃል፤ ካልሲው ወፍራም ይሁን። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ቆም ብሎ ክሩን በቁርጭምጭሚት በኩል ጠበቅ አድርጎ ማሰር የእግር ጣቶች ከጫማው ጫፍ ጋር እንዳይጋጩ ያደርጋል። የእግር ጥፍርንም ከዋዜማው መቁረጥ ይገባል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ከቁልቁለት ጉዞ በኋላ ጥፍሩ የሚጠቁረው ይህን ባለማድረጉ ነው። ሲወርዱም እርምጃን አጠር፣ ጉልበትን ላላ ማድረግ ነው።

ዱላ ያስፈልጋል። የገጠር ሰው ያለ ዱላ መንገድ የማይወጣው በከንቱ አይደለም፤ ቁልቁለት ላይ የጉልበትን ጫና ይቀንሳል፣ የወንዙን ጥልቀት ይለካል፣ ውሻንም ያርቃል። ቁመቱ ቆመው ሲይዙት ክንድ በክርን ላይ በ90 ዲግሪ ያህል የሚታጠፍበት ቢሆን ይበቃል።

ውሃ በደሴ በኩል ለአንድ ሰው ለግማሽ ቀን አንድ ሊትር ተኩል፣ በኮምቦልቻ በኩል ሁለት ሊትር ቢያዝ እኔ በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከምንጭ ወይም ከወንዝ ሳያፈሉ መጠጣት አይገባም። ለስንቅ ቆሎ፣ ዳቦና ጭኮ የሚስተካከላቸው የለም፤ አይበላሹም፣ ቦታ አይይዙም፣ መንገድ ላይ ለተገናኘ ሰውም ማካፈል ያመቻል። ነጠላ ወይም ጋቢ፣ ትንሽ ዣንጥላ፣ የተሞላ ስልክና ዝርዝር ብር ከተጨመሩ ዕቃው ሞላ።

ከባላገሩ ጋር

በእንግሊዝ አገር የገጠር መንደሮች ዙሪያ፣ በገበሬው ማሳ መካከል ጭምር የሚያልፉ፣ ማንም ሰው በሕግ የመሄድ መብት ያለባቸው የእግር መንገዶች አሉ፤ መንገደኛው በየአጥሩ በር ላይ የተለጠፈውን ቢጫ ቀስት እያየ፣ በካርታም እየተመራ፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ደርሶ ሊመለስ ይችላል። በእኛ ዘንድ ቀስቱ ሰው ነው። የምንሄድበት ቀጭን መንገድ ውሃ የሚቀዳበት፣ ከብት የሚነዳበት፣ ለቅሶ የሚደረስበት የሰው መንገድ በመሆኑ፣ በዚያ ሲያልፉ ሰላምታ መስጠት ግዴታ ነው። ሰላም ብሎ ያለፈ መንገደኛ ይመከራል፤ ዝም ብሎ ያለፈ ግን ምን ፈልጎ እንደመጣ ይጠረጠራል።

በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ላይ ስለሚኖር ሰላምታው ወደ ሁለቱም የሚያደርስ መሆን አለበት። «እንደምን አደራችሁ» ማንንም አያስቀይምም፤ «አሰላሙ አለይኩም» ለሚል ደግሞ በዚያው መመለስ ነው። የሚያርስ ወይም የሚያጭድ ሰው ሲያገኙ «ይበርቱ» ማለት፣ አውድማ ላይ ለተሰበሰቡት «ያብዛላችሁ» ማለት ተገቢ ነው። ትልቁን ሰው «አባባ»፣ ትልቋን «እማማ» እያሉ ቆም ብሎ መጠየቅ ነው እንጂ እየሄዱ በጎን መጠየቅ ነውር ነው።

መንገድ ሲጠይቁ ርቀትን በኪሎ ሜትር መጠየቅ ብዙም አይጠቅም። ከልጅነቱ ጀምሮ ዳገት የለመደ ሰው «እዚህች ናት» ያለው ቦታ ለከተማ ሰው የሁለት ሰዓት መንገድ ሊሆን ይችላል። የተሻለው ጥያቄ «አሁን ብነሳ ስንት ሰዓት እደርሳለሁ? ለመመለስስ ይመሻል?» የሚለው ነው። መልሱን ከአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ትንሽ ራቅ ብሎ ከሌላም መስማት ይጠቅማል። አካባቢው በዚያን ሰሞን ሰላም ስለመሆኑም በዚያው መጠየቅ ይገባል፤ ሰው «ዛሬ ባትሄዱ» ካለ ምክንያቱን ሳይከራከሩ መመለስ ነው።

ማሳ መርገጥ፣ በቡቃያ ላይ ማለፍ፣ ሳይጠይቁ ፎቶ ማንሳት አይገባም። የቀብር ሰልፍ ሲያጋጥም ቆሞ ማሳለፍ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ አጠገብ ሲያልፉ ድምፅን ዝቅ ማድረግ የታወቀ ነው። ቡና እየተፈላ «ግቡ» የተባለ ሰው የሚቸኩል ከሆነ በአክብሮት ይሰናበት፤ ከገባ ግን አቦሉን ቀምሶ ብድግ ማለት ስለማያምር እስከ በረካ የሚቆይበት ጊዜ መያዝ አለበት። እኔ በጉዞ እቅዴ ውስጥ ሁልጊዜ ለዚህ የሚሆን አንድ ሰዓት እተዋለሁ፤ ከብዙዎቹ ጉዞዎቼ እስከ አሁን የማስታውሰውም ያችን ሰዓት ነው።

ውሻ የሚያስፈራ ከሆነ ወደ ግቢው ሳይጠጉ ከሩቅ «ቤቶች!» ብሎ መጣራት ነው። ውሻው ከመጣ መሮጥ አይገባም፤ ፊትን ወደ እሱ አድርጎ መቆም፣ ዱላውን መሬት ላይ ማሳረፍ፣ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ የሚያነሱ መምሰል አብዛኛውን ጊዜ ያስቆመዋል። የነከሰ እንደሆነ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በውሃ ማጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ ያስፈልጋል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም።

አንድ ነገር ግን ልጆች ያሉበት ቤተሰብ ሁሉ አጥብቆ ይያዝ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ስለደረሰባቸው፣ በገደል አፋፍ፣ በቆዩ ምሽጎችና በጫካ ውስጥ የማይታወቅ የብረት ነገር ሲታይ መንካትም መርገጥም አይፈቀድም። በመጡበት ዱካ ተመልሶ ለቅርቡ ቀበሌ ወይም ለፖሊስ መናገር ነው።

የትኛውን መንገድ ልምረጥ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ፣ ልጆችና ሽማግሌዎች ላሉበት ቡድን ቦሩ ሜዳን እመርጣለሁ። ከደሴ በስተሰሜን በኩታበር መንገድ በታክሲ ተሂዶ ከወረዱ በኋላ መሬቱ ሰፊ ሜዳ በመሆኑ ሁለት ሰዓት ተሂዶም ጉልበት አይጎዳም፤ መንገድ መሳትም አያሰጋም፣ ምክንያቱም መኪና የሚያልፍበት ጎዳና ከሩቅ ይታያል። በዚህ ሜዳ ላይ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ ንጉሥ ምኒልክም ባሉበት፣ ታላቁን የሃይማኖት ጉባኤ አካሂደዋል፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት የወሎው ኢማም መሐመድ አሊ ክርስትና የተነሱትም ከዚሁ ጉባኤ ጋር በተያያዘ ነው። ልጆችን ሜዳው መካከል አቁሞ ይህን መንገር ከክፍል ትምህርት የበለጠ ይቀራቸዋል። ነፋሱ ግን ብርቱ ነው፤ ጋቢ ይያዝ።

ግማሽ ቀን ብቻ ላለው የደሴ ሰው የጦሳ ጎን አለ። ጫፉ ላይ መድረስ ግዴታ አይደለም። ከመነሻው በሰዓት ተይዞ፣ አንድ ሰዓት ሽቅብ ተወጥቶ፣ ሰዓቱ ሲሞላ ባሉበት መቆምና ወደ ከተማው ዞሮ መቀመጥ ይበቃል። የባሕር ዛፉ መካከል አለፍ እንዳሉ ደሴ ከነሰፈሮቿ፣ ከፊት ለፊት ደግሞ አዝዋ ገደል ይታያሉ። ይህ ጉዞ ድካሙ በመጀመሪያው ላይ ስለሆነና መመለሻው ቁልቁለት በመሆኑ ከቀላሎቹ ውስጥ እመድበዋለሁ። የረገፈ የባሕር ዛፍ ቅጠል በደረቁም ስለሚያንሸራትት ሲወርዱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ገራዶ ከጦሳ ወዲያ በምዕራብ በኩል ያለ ለም መሬት ነው። ውበቱን ከአፋፉ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ሳይወርድ መመለስ ይከብደዋል። መውረዱን አልከለክልም፤ የምመክረው መሄጃውንና መመለሻውን ሁለቱንም በእግር አለማድረግን ነው። ወይ በእግር ተወርዶ በመኪና ይመለሱ፣ ወይ በመኪና ተሂዶ ሜዳው ላይ ብቻ በእግር ይዘዋወሩ። በመኪና ለመመለስ የሚያስብ ሰው የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ሳይወርድ በፊት መናኸሪያ ላይ ይጠይቅ።

ሐይቅ ለብቻው ሙሉ ቀን ይገባዋል። ከደሴ በወልድያ መንገድ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተሂዶ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል፤ ከዚያ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚወስደው መንገድ ያን ያህል ዳገት የሌለው፣ ውሃውን እያዩ የሚሄዱበት ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያጸኑት ይህ ገዳም የታላቅ ትምህርት ቤት ስፍራ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚህ ተምረዋል። ቦታው ቀድሞ ደሴት የነበረ ሲሆን ዛሬ ከመሬት ጋር ተያይዟል። ሴቶች ወደ ገዳሙ ስለማይገቡ ወንድና ሴት የተቀላቀሉበት ቡድን ከመነሻው ተነጋግሮ፣ ገሚሱ ወደ ገዳሙ ሲሄድ ገሚሱ ዳር ዳሩን እንዲዘዋወር ቢያደርግ ማንም ደጅ ላይ ቆሞ አይቀየምም። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር በላይ ስለሆነ ከዳር ተነስቶ ለመዋኘት መግባት አደገኛ ነው። በውሃው ዳር በባዶ እግር መግባትም ለቢልሃርዝያ ያጋልጣል። ለምሳ ከተማው ውስጥ ተመልሶ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ መብላት ይቻላል።

ኮምቦልቻ ላይ ነገሩ ሁሉ በፀሐይ ይወሰናል። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ስለሚበረታ ጉዞው ከዚያ በፊት ቢያልቅ፣ ካልሆነም ከ9 ሰዓት በኋላ ቢጀመር ይሻላል። ከከተማው ወጣ ብሎ ቦርከናን ተከትሎ በማሽላና በጤፍ ማሳዎች መካከል መሄድ ለማንኛውም ሰው ይቻላል፤ መሬቱ ሜዳ ነው። ወንዙ ግን ከደሴ ጀምሮ የሁለት ከተሞችንና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይዞ ስለሚወርድ እጅ መታጠቢያ እንኳ ሊሆን አይገባም፤ ያን ያህል ለም መሬት የሚያጠጣ ወንዝ እንዲህ ሆኖ ማየት ያሳዝናል። ጥላ የሚፈልግ ሰው ወደ የጎፍ ይሂድ። የየጎፍ ደን ጥድና ወይራ ከቀሩባቸው ጥቂት የወሎ ተራሮች አንዱ በመሆኑ፣ በግርጌው ለአንድና ሁለት ሰዓት መዘዋወር የድሮው ደን ምን ይመስል እንደነበር ያሳያል። እሳት ማንደድ፣ ቅርንጫፍ መቁረጥ አይገባም፤ ስንቅንም ከዝንጀሮ መሸሸግ ነው።

ኮምቦልቻ ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነች ወባ አለ፤ ወደ ማታ የሚቆይ ሰው እጅጌው የረዘመ ልብስ ይልበስ፣ ከጉዞው በኋላ ባሉት ሳምንታትም ትኩሳት ከተሰማው ሳይውል ሳያድር ይመርመር። ከዚያ ወደ ደሴ በሚኒባስ የሚመለስ ደግሞ ላብ የነካውን ሸሚዝ መናኸሪያው ላይ ቀይሮ፣ ጋቢውን ከሻንጣ አውጥቶ ጭኑ ላይ አድርጎ ይሳፈር። ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ሲወጣ አየሩ በ4 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ መስኮቱም አብዛኛውን ጊዜ አይዘጋም።